ለሕመም የተከፈለ ገንዘብ እስከ መቼ «መልሱ» ይባላል?

ስለ ጤና መድን ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ይከፍላሉ ወይስ አይከፍሉም?» ብለን ነው። ከከፈሉ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ታማሚዋ ታክማ፣ ክሊኒኩ ሂሳቡን ልኮ፣ መድን ሰጪው ከፍሎ፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ «ያ ክፍያ በስሕተት የተፈጸመ ስለሆነ ይመለስልን» የሚል ደብዳቤ ቢመጣስ? ደብዳቤው ሊመጣ የሚችለው በስድስት ወር ውስጥ ነው፣ በሦስት ዓመት ነው ወይስ በዘጠነኛው ዓመት? በሕግ ቋንቋ ይህ የይርጋ ጥያቄ ይባላል። በዚህ እትም የጥያቄውን ታሪክ ከሐረር ተነስተን እስከ ዛሬው ጤና መድን ድረስ ለመከተል ሞክረናል።

ጉዳዩን እንድናነሳ ያደረገን ሁለት አባሎቻችን የሚሠሩበት፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ ያለ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ነው። አንድ የመድን ድርጅት ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት የከፈላቸውን ሂሳቦች እንደገና አይቶ፣ «በአንዳንዶቹ የምርመራ ወረቀቶች ላይ የሐኪም ፊርማ የለም» በማለት ገንዘቡን ከዘንድሮው ክፍያ ላይ ቀነሰ። ፍርድ ቤት አልሄደም፣ ክስም አላቀረበም፤ ቀንሶ ላከ እንጂ። የተረፈው ለወሩ ደመወዝ አልበቃም። የጽዳት ሥራ የምትሠራው አባላችን በዚያ ወር የቤት ኪራይዋን ከማኅበሩ ተበድራ ከፈለች። የፈረመው ሐኪም ይሁን ያልፈረመው፣ ክሊኒኩን ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ታዲያ ስለዚያ ወረቀት ማን ሊመሰክር ይችላል?

እኛ ሐረሮች ለሂሳብ መዝገብ እንግዳ አይደለንም። እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት ኢሚር አብዱሽሸኩር የሂሳብ መዝገብ ዛሬም አለ፤ የታሪክ ምሁራንም አጥንተውታል። ከተማዋ የራሷን ገንዘብ፣ መሀለቅን፣ ታትም ነበር። የቃዲ ፍርድ ቤትም ውርስንና ሽያጭን በጽሑፍ ይይዝ ነበር። በግንቡ ውስጥ ዕዳ መጻፍ ከንግዱ ጋር አብሮ የኖረ ልማድ ነው። የሃይማኖቱ ትምህርትም ያንኑ ያዛል፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ ከነቀነ ገደቡ በጸሐፊ እጅ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው የሚያዝዘው ነው። ሂሳብ ሠራተኞች ይህን አንቀጽ ብንወድደው አይፈረድብንም።

ነገር ግን ለሕመምና ለሞት የሚሰጠው ገንዘብ ከዚህ መዝገብ ውጪ ሌላ መንገድ ነበረው። ከሐረር ውጪ ላሉ ደጋፊዎቻችን እናስረዳ፦ አፎቻ ሐረሪዎች በሐዘንና በሠርግ ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። የወንዶችና የሴቶች አፎቻ የተለያዩ ናቸው። አባል መዋጮ ታዋጣለች፣ በሐዘን ቤት ትገኛለች፣ ትቀመጣለች፣ ታበስላለች፣ ከቀረች ትቀጣለች። ከግንቡ ውጪ ባለው ከተማ፣ በአማራው፣ በጉራጌውና በኦሮሞው ሰፈር ደግሞ ዕድር አለ። በሁለቱም ዘንድ ለሐዘን ቤት የተሰጠ ነገር ብድር አይደለም። ዕቁብ ሌላ ነገር ነው፤ የዕቁብ ዕጣ ወስዳ የጠፋችውን ሁላችንም እንፈልጋታለን፣ ዋስዋንም እናስጨንቃለን። የአፎቻና የዕድር ገንዘብ ግን ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ «አበዛንልሽ፣ መልሺ» ተብሎ አይጠየቅም።

ይህ በደግነት ብቻ የሆነ አይመስለንም። በአፎቻ ውስጥ የምትከፍለውና የምትቀበለው በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታመመ፣ ስንት እንጀራ እንደተጋገረ ሁሉም ያያል። ስሕተት ቢኖር በሦስተኛው ቀን ይታወቃል፣ በሰባተኛው ይስተካከላል። ስለዚህ «እስከ መቼ?» የሚል ደንብ አላስፈለገም። ደንቡ ያስፈለገው ከፋዩ ከታማሚዋ ሲርቅ ነው፤ ወረቀት ብቻ እያየ ሲከፍል፣ ወረቀቱንም ከዓመታት በኋላ እንደገና ማየት ሲጀምር።

የቆዩት ሕጎችም ቢሆኑ ጊዜ ያለፈበትን ዕዳ በዝምታ አላለፉትም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባት ዓመቱ አበዳሪ ለወንድሙ ዕዳ እንዲተው ታዝዟል። በእስልምና ሕግ በኩል፣ መብት በጊዜ ብዛት ብቻ አይሞትም የሚለው አመለካከት የጸና ነው። ሆኖም ገዢው ለዳኞች «ከዚህን ያህል ዓመት በኋላ የቀረበ አቤቱታ አትስሙ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጁት «መጀላ» በተባለው ሕግ ለዕዳ ክስ 15 ዓመት ወስነው ነበር። ይህ ሕግ ተጽፎ ባለቀበት ጊዜ አካባቢ፣ በስም ለኦቶማን ሱልጣን የሚገዙት ግብፆች ሐረርን ይዘው ነበር (እ.ኤ.አ. 1875–1885)። ሕጉ በከተማችን ተሠርቶበታል ለማለት አይደለም። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ሐሳቡን ነው፦ ዳኛው ጆሮውን ይዘጋል፣ ዕዳው ግን በሕሊና ላይ ይቀራል። ይህ ሐሳብ ወደ በኋላ እንደገና ያጋጥመናል።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። የቃዲ ፍርድ ቤቶች ቀጠሉ፤ በ1936 ዓ.ም. በወጣ አዋጅም በጋብቻ፣ በውርስ፣ በስጦታና በወቅፍ ጉዳይ ሥልጣናቸው ታወቀ። የንግድና የዕዳ ክርክር ግን በመደበኛው ፍርድ ቤት የሚታይ ሆነ። ስለዚህ የዛሬውን መልስ የምናገኘው በ1952 ዓ.ም. ታውጀው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋሉት ሁለት ትልልቅ ሕጎች ውስጥ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በንግድ ሕጉ። የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እርሳቸው ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ሐሳቡ ከውጭ ቢመጣም ቃሉ የኛው ነው። «ይርጋ» «ረጋ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ወተት ረግቶ እርጎ ከሆነ በኋላ ወደ ወተትነት እንደማይመለስ ሁሉ፣ የቆየ ጉዳይም ረግቶ ይቅር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ ጉዳዩ ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዮቹ ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ይታገዳል ይላል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የመድን ሕግም ጊዜው 2 ዓመት ነበር፤ አርቃቂዎቹ ከየት አገር እንደመጡ ስናስታውስ አይገርመንም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል፤ ነገር ግን ስለ መድን የሚናገረው የአሮጌው ሕግ ክፍል አልተሻረም። ስለዚህ ይህ ቁጥር ዛሬም ይሠራል።

በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ያስመልሳል ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተለየ አጭር ጊዜ ካልተቀመጠ፣ የሚጠቀሰው በአንቀጽ 1845 ያለው ጠቅላላ የይርጋ ዘመን ነው፤ እርሱም 10 ዓመት። ልዩነቱን አያችሁት? ያው አንድ ገንዘብ «ከመድን ውል የመጣ ጥያቄ ነው» ከተባለ 2 ዓመት፣ «ያለ አግባብ የተከፈለ ነው» ከተባለ 10 ዓመት ይሆናል። መድን ሰጪው ሁለተኛውን በር ማንኳኳት እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። የክሊኒኩ ሰዎችም በመጀመሪያው በር መቆም አለባቸው፤ ክሊኒኩ ገንዘቡን ያገኘው በመድኑና በአገልግሎት ውሉ ምክንያት ነውና። ባለፈው ደብዳቤ ላይ የተጠቀሰው የሦስት ዓመት ተኩል ሂሳብ በአንዱ በር ሞቷል፣ በሌላው ገና ስድስት ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው።

አሥር ዓመት ለሂሳብ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ በሙያችን እናውቃለን። ግብር ሰብሳቢው መንግሥት እንኳ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት፣ ማጭበርበር ካለ በቀር የታክስ ስሌትን ሊያሻሽል የሚችለው በ5 ዓመት ውስጥ ነው። ለመድኃኒትና ለምጥ የተከፈለ ገንዘብ ከግብር በእጥፍ የሚረዝም ዕድሜ እንዲኖረው ያደረገ ምን ምክንያት ይኖራል? በበኩላችን አላገኘንለትም። በአሥር ዓመት ውስጥ የታካሚ ካርድ ይጠፋል፣ ክፍሉ ውሃ ይገባዋል፣ ካርድ ክፍል የነበረችው ልጅ ድሬዳዋ ትገባለች ወይም ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች።

ሕጉ ግን ለተጠየቀውም ወገን የሰጣቸው ነገሮች አሉ፤ እነዚህን ማወቅ ገንዘብ ነው። ከሁሉም በፊት፣ ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሳም (አንቀጽ 1856)። ክሱ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም እንኳ ተከሳሹ «በይርጋ ታግዷል» ብሎ ካልተቃወመ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ይሰማል፣ ይፈርዳልም። በተጨማሪም ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ ወድዶ የከፈለ ሰው መልሶ አያገኝም። ከላይ በ«መጀላ» ያየነው ሐሳብ እዚህ በሌላ ልብስ መጣ፦ ዕዳው ለዳኛ ሞቷል፣ ለከፈለው ግን ሕያው ነበር። መድን ሰጪው መክፈል እንደማይገባው በትክክል እያወቀ ወድዶ ከፍሎ ከሆነም ማስመለስ አይችልም። ሂሳቡን ያኔ መርምሮ፣ የጎደለውን አይቶ አሳልፎ ከሆነ፣ ያ የምርመራ ማኅደር ለክሊኒኩ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። በአንቀጽ 1851 መሠረት ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ በተለይም ከፊሉን ከከፈለ ወይም ዋስ ካቀረበ፣ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል፤ አዲስ ቆጠራም ከዜሮ ይጀምራል። «በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንከፍላለን» ብሎ ለሰላም ሲባል የሚፈረም ወረቀት ሊያልቅ ሁለት ወር የቀረውን ጊዜ እንደገና ሙሉ ያደርገዋል። ስለዚህ በገንዘብ ያዥነት፣ በካሸርነትና በቢሮ አስተዳደር የምትሠሩ እህቶች፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ክፍያው የተፈጸመበትን ቀን ፈልጉ፤ ከዚያ በፊት አትፈርሙ። «ደብዳቤው ደርሶናል፣ እየመረመርነው ነው» ማለት ዕዳን ማመን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን በዚያ ክሊኒክ ላይ የደረሰው መንገድ ነው። ይርጋ በፍርድ ቤት የሚያዝ ጋሻ ነው። ገንዘቡን በእጁ የያዘ ወገን ዝም ብሎ ከቀነሰ ግን ፍርድ ቤት የሚሄደው ደካማው ይሆናል፤ ጋሻ ይዞ መከላከል ሲገባው ጦር ፈልጎ ማጥቃት ይኖርበታል። በሕጉ ማቻቻል የሚባል ነገር አለ። ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ዕዳ ካለባቸው ይቻቻላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ዕዳዎች በቁርጥ የታወቁና መከፈያቸው የደረሰ መሆን አለባቸው። ክሊኒኩ የሚክደው ሂሳብ በቁርጥ የታወቀ ነው ማለት ይከብዳል። ይህን ተቃውሞ በጽሑፍ፣ በቀነሱበት በዚያው ሳምንት ማስገባት ያስፈልጋል። ስድስት ወር ዝም ተብሎ ከተቆየ ዝምታው ራሱ መከራከሪያ ይሆናል።

ይህ ክርክር ለረጅም ጊዜ የብዙ ሰው ጉዳይ አልነበረም፤ የጤና መድን ያለው ሰው ጥቂት ነበርና። የግል መድን ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. በእነርሱ ምትክ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ቆመ፤ ለግል ባለሀብት በሩ እንደገና የተከፈተው በ1986 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ዓመታት ሁሉ የአብዛኛው ሐረሬ የጤና መድን ጎረቤቱ፣ አፎቻውና ዕድሩ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከነዚህ ውስጥ አንዱ በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው ደደር ነበር፤ ጫትና ቡና ጭነው ከዚያ ወደ ከተማችን የሚመጡትን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አሠራሩ ለአፎቻ ልጆች እንግዳ አይደለም፦ ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍላል፣ የታመመው በመታወቂያው ይታከማል፣ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ሂሳባቸውን ለመድኑ ያቀርባሉ። ልዩነቱ ከላይ ያነሳነው ርቀት ነው፤ ከፋዩ በምንጣፉ ላይ የለም። በወረቀት ይከፍላል፣ በኦዲት ይመለከታል። ኦዲት መኖሩን አንቃወምም፤ ሙያችን ነው፣ ያለ እርሱም የድሃዋ መዋጮ ባልታከመ ሰው ስም ይበላል። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ከመድኑ ያገኘውን ገንዘብ በውስጥ ገቢነት መድኃኒት ይገዛበታል። ከዓመታት በፊት የተከፈለ ገንዘብ ዛሬ ሲመለስ፣ የሚጎድለው የዛሬዋ ነፍሰ ጡር መድኃኒት ነው። የመመርመሪያው ጊዜ በውሉ ላይ በቀን ተቆጥሮ ቢሰፍር መድኑም በጊዜ ይሠራል፣ ጤና ጣቢያውም መቼ እጁን ማሳረፍ እንደሚችል ያውቃል። በሠራተኞች ደመወዝ ላይ የሚመሠረተውና ሠራተኛውና አሠሪው 3 በመቶ 3 በመቶ የሚያዋጡበት ማኅበራዊ ጤና መድን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 ከታወጀ በኋላ ሥራ ላይ መዋሉ ለብዙ ዓመታት ተጓቷል። መጓተቱን ብዙዎች ያማርራሉ፤ እኛ ደግሞ ይህን ዓይነቱን ነገር ውል ውስጥ ለማስገባት ጊዜ ሰጥቶናል እንላለን።

በውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ይህን ከሐኪም ቤት ደረሰኞቻችሁ ታውቁት ይሆናል። በአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶች የየራሳቸውን ገደብ አውጥተዋል። በቴክሳስ በክልሉ ሕግ ሥር ያለ መድን ሰጪ ለሐኪም አስበልጦ የከፈለውን ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ሐኪሙ ገንዘቡን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ በኒውዮርክ 24 ወር ነው። በፈረንሳይ የጤና መድን ካዝናው ያለ አግባብ የከፈለውን ከሐኪም ቤት ለማስመለስ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለው። በሦስቱም ቦታ ማጭበርበር ከተገኘ ገደቡ አይሠራም፤ ይህም ትክክል ነው። ልብ በሉ፣ በነዚህ አገሮች ቆጠራው የሚጀምረው ከክፍያው ቀን ነው፤ መድን ሰጪው «አሁን ነው ያወቅሁት» እያለ አይገፋውም። የኛው የንግድ ሕግ «ካወቁበት ጊዜ» የሚለው ሐረግ ግን ለዚህ ክርክር በር ይከፍታል።

ይህን ሁሉ ስናጠና ዓይናችን በራሳችን ሣጥን ላይ ማረፉ አልቀረም። ማኅበራችን ለአባላት የሕክምና ድጋፍ ይሰጣል፤ የመተዳደሪያ ደንባችን ማን እንደሚያገኝና ምን ወረቀት እንደሚቀርብ በዝርዝር ይናገራል። የተሰጠ ድጋፍ እስከ መቼ ሊመረመርና ሊጠየቅ እንደሚችል ግን አንድም መስመር የለውም። ገንዘቡ የአባላት መዋጮና የደጋፊዎች ስጦታ ስለሆነ የምርመራውን በር ጨርሰን መዝጋት አንችልም፤ ደጋፊዎቻችንም አይወዱልንም። ክፍት አድርጎ መተው ደግሞ አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ጊዜ የተቀበለችውን ገንዘብ ለአሥር ዓመት በሥጋት እንድትቆጥረው ማድረግ ነው። አንድ ማኅበር በራሱ ደንብ የራሱን ጠያቂነት ማሳጠር ይችላል፤ መብቱ የራሱ ነውና።

ስለዚህ ሂሳብ ክፍሉ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ አርቅቋል። በረቂቁ መሠረት ለሕክምና የተሰጠ ድጋፍ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው መልሺ አይባልም፤ የሐሰት ደረሰኝ ከቀረበ ግን ገደቡ አይሠራም። በስድስት ወሩ ውስጥ ጥያቄ ከተነሳም፣ አባሏ ሳትሰማ ከሌላ ጥቅሟ ላይ አይቀነስም። በኮሚቴው ውስጥ ሐሳቡ አንድ አልሆነም። ከአፎቻ የመጡት ትልልቅ እናቶቻችን ስድስት ወር በዝቷል፣ አርባ ቀን ይበቃል ይላሉ፤ ኦዲት ኮሚቴው ደግሞ የዓመቱ ሂሳብ እስኪዘጋ ይጠበቅ ይላል። ረቂቁ በቢሮው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ ለማይችሉ አባላት ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይነበባል።